ጦስኝን ከአሞጋሾቹ ማን ያድነው?

መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ማታ ነው። ሃያ ሰላሳ ዘመድ በተሰበሰበበት ግሩፕ ውስጥ፣ ከልደት ኬክ ፎቶና ከ«ደህና እደሩ» ጽሑፍ መሃል፣ ከወዴት እንደተላለፈ የማይታወቅ የድምፅ ቅጂ ዱብ ይላል። ተናጋሪው ረጋ ያለ ነው፤ እንደ ሽማግሌ ይመክራል እንጂ እንደ ነጋዴ አይጮህም። ጦስኝ በሃያ አንድ ቀን ደም ግፊትን ያጠፋል ይላል። ስኳርን፣ ኮሌስትሮልን፣ ጨጓራን፣ ሪህን፣ የጉበት ስብን እየጠራ ያልፋል። ዝርዝሩ ሲያልቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋናውን ይናገራል፦ «ኩላሊታችሁን የሚጨርሰው ኪኒኑ ነው፤ ተዉት።» ከቅጂው ሥር የስልክ ቁጥርና የአንድ እሽግ ዋጋ አለ።

አንዱ የምስጋና ምልክት ይለጥፋል። ሌላዋ «እውነት ነው፣ ጎረቤታችን ድናለች» ትላለች። ቨርጂኒያ ያለው ልጅ «ለእማዬ አሰሙልኝ» ብሎ ይጽፋል። እማዬ ደግሞ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት አንዲት ነጭ ኪኒን ሲውጡ የኖሩ፣ መዋጡም የሰለቻቸው ሴት ናቸው። ያን ዕለት ማታ የኪኒኑ ብልቃጥ ከመስኮቱ ደፍ ተነሥቶ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በግሩፑ ላይ አይጻፍም። ከወራት በኋላ ግራ እጃቸው አልታዘዝ ሲል፣ አፋቸው ሲጣመም፣ ቤተሰቡ «ድንገት ነው የመታቸው» ይላል እንጂ ያን የድምፅ ቅጂ የሚያስታውስ የለም። ልኮት የነበረውም ሰው አያስታውሰውም። በቅን ልቡ ነው የላከው።

ጠቡ ከጦስኝ ጋር አይደለም። ጠቡ ከአሞጋሾቹ ጋር ነው። ጦስኝ አሞጋሽ ጎድሎት አያውቅም፤ የጎደለው በልኩ የሚያመሰግነው ሰው ነው። ያለልክ የሚያሞግሱት ደግሞ በአንድ ድንጋይ ሁለት ነገር ይሰብራሉ፦ ሰውየውን ከመድኃኒቱ ይለያሉ፣ ተክሉን ከሥሩ ያስነቅላሉ።

በመጀመሪያ ለጦስኝ የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ «እናንተ የፈረንጅ አምላኪዎች ናችሁ» የሚለው የተለመደ መልስ ይመጣል። ጦስኝ የደጋ ልጅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በዘለለ ከፍታ፣ ብርድና ነፋስ በሚፈራረቁበት ሜዳና ድንጋያማ ጥግ፣ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚያድግ ቅጠለ ጥቃቅን ቁጥቋጦ ነው። በሰሜን ሸዋ አለ፤ በወሎ፣ በጎንደር፣ በትግራይ፣ በባሌ አለ። ጣርማ በርን አልፎ ወደ መንዝ የዘለቀ መንገደኛ ሳያየው ይረግጠውና ሽታው ከጫማው ሥር ተነሥቶ ይነግረዋል። አውሮፓ በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠው ታይም የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ነገር ግን የደጋውን ጦስኝ የለመደ ሰው የፈረንጁን ቢያሸት «ይህስ ተኝቷል» ማለቱ አይቀርም።

በወጥ ቤት ያለው ቦታ ደግሞ ማንም ያላደለው፣ በራሱ ያገኘው ነው። ሻይ ላይ ይጣላል። ከሽሮ ጋር ይፈጫል። በበርበሬ ቅመም ውስጥ ይገባል። ቅቤ የሌለበት የጾም ወጥ ጣዕም ሲያጣ ቁንጥር ጦስኝ ብዙ ይክሳል። ጉንፋን የያዘው ልጅ በጦስኝ እንፋሎት ይታጠናል፣ በማር የተመታ የጦስኝ ሻይ ይጠጣል፣ ያልበዋል፣ ይተኛል። ዲያስፖራው ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በሻንጣው ይዞት የሚሄደው ያለምክንያት አይደለም። ሻዩን በትክክል የሚያፈሉ እናቶች አንድ ነገር ያውቃሉ፦ ጦስኙ ከመጀመሪያ ጀምሮ አይንተከተክም። ውኃው ፈልቶ ከወረደ በኋላ ይጨመርና ይከደናል። ሽታውም ጉልበቱም ያለው በሚተን ዘይቱ ውስጥ ስለሆነ፣ ሳይከደን ለግማሽ ሰዓት የተቀቀለ ጦስኝ ቤቱን ያውዳል እንጂ ብርጭቆው ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። በጥላ የደረቀውም በፀሐይ ከደረቀው ይሻላል፤ ምክንያቱ ያው ነው።

ሳይንሱም ቢሆን ጦስኝን አይንቀውም። በዘይቱ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ታይሞል ተሕዋስያንን የመግደል ኃይል አለው፤ አንቲባዮቲክ ከመምጣቱ በፊት የታይም ዘይት የቁስል ፋሻ ይነከርበት ነበር፤ ዛሬም በታወቁ የአፍ መጉመጥመጫ ፈሳሾች ውስጥ ታይሞል አለ። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የዘመዱን የታይምን ቅጠል ከጉንፋን ጋር ለሚመጣ ሳልና አክታ በባህላዊ መድኃኒትነት ተቀብሎታል፤ የተቀበለውም የረጅም ዘመን አጠቃቀሙን መሠረት አድርጎ ነው። ስለዚህ «ጦስኝ ለሳል ጥሩ ነው» ያለች አያት አልተሳሳተችም። ማንም ሊያርማት አይችልም፣ አያስፈልግምም።

ነገሩ የተበላሸው አያትየዋ ያላለችው በስሟ ሲነገር ነው።

የጦስኝ ነጋዴዎች ትልቁ ምርኩዝ «አባቶቻችን ለግፊት ሲጠጡት የኖሩ ነው» የሚለው ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ቆም ብሎ ላሰበው ሰው የማይቆም ነው። የደም ግፊትን በክንድ ላይ በሚጠመጠም ጨርቅ የሚለካው መሣሪያ በጣልያናዊው ሐኪም በሪቫ ሮቺ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። አዎ፣ የዐድዋ ዓመት፤ ጣልያን በአንድ እጇ ጦር ስትልክ በሌላ እጇ ይህን ትሠራ ነበር። በጆሮ እያዳመጡ የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር የመለየቱ ዘዴ ደግሞ በሩሲያዊው ኮሮትኮቭ በ1905 መጣ። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ «ግፊቴ 160 ነበር፣ አሁን 130 ሆነ» ማለት የሚችል ተራ ሰው አልነበረም፤ በመንዝም አልነበረም፣ በሎንዶንም አልነበረም። አባቶች ራስ ምታት ያውቁ ነበር፤ ሳልና ቁርጠት ያውቁ ነበር፤ ለእነዚህ ጦስኝ ጠጥተዋል። ግፊት የሚባለው ቁጥር የመጣው ከመሣሪያው ጋር ነው። እንግዲህ አባቶችን ባላዩት ነገር ምስክር አድርጎ መጥራት ለአባቶች አክብሮት አይደለም። በሐሰት ማስመስከር ነው።

ከዚህም የከፋው ግፊት ራሱ የማይናገር በሽታ መሆኑ ነው። ብዙው ሰው «ራሴን ሲያመኝ አውቀዋለሁ» ይላል። አያውቀውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መረጃ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ የዓለም ሰዎች 1.28 ቢሊዮኑ ግፊት አለባቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ 16 ከመቶ ገደማው ግፊቱ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ከመቶ ሰው አሥራ ስድስት ማለት በአንድ የዕድር ድንኳን ውስጥ የተቀመጠውን ሕዝብ አይቶ መገመት ነው። ይህ ሁሉ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። ሥራ ይሠራል፣ ሰርግ ይጨፍራል፣ ደም ሥሩ ግን ውስጥ ውስጡን ይደነድናል፣ ልቡ ይሰፋል፣ ኩላሊቱ ይደክማል።

እንግዲህ ምንም የማይሰማው ሰው ጦስኝ ሲጠጣ ምን ይሰማዋል? ሙቀት፣ ላብ፣ ቀለል የማለት ስሜት። «አዳነኝ» ይላል። ዳነ ማለት ምን እንደሆነ የሚለይበት ነገር የለውም፤ ሲጀመርም አላመመውም ነበርና። በሃያ አንደኛው ቀን ፋርማሲ ገብቶ ይለካል፣ ቁጥሩ ካለፈው ጊዜ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ግፊት ግን በቀን ውስጥ ብቻ እንኳ ብዙ ጊዜ ይወጣል ይወርዳል። ደረጃ ወጥቶ የተለካና አሥር ደቂቃ ተቀምጦ የተለካ ሰው ሁለት የተለያየ ቁጥር ያገኛል፤ ቡና ጠጥቶ የተለካም እንዲሁ። በዚያ ላይ ለሦስት ሳምንት ያልተቋረጠው ኪኒን ብዙ ጊዜ አሁንም በሥራ ላይ ነው። ሥራውን ኪኒኑ ሠርቶ ምስጋናው ለሻዩ ይሄዳል። በማግስቱ ምስጋናውን ያጣው ኪኒን ይጣላል።

«ጥናት አለ» የሚሉ ብልጦችም አሉ። አዎ፣ አለ። በኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጦስኝ ላይ ሙከራ ተሠርቷል፤ በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ግፊት ሲቀንስና ሽንት ሲያበዛ ታይቷል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ሊቀጥልም ይገባዋል። ነገር ግን አይጧ የጠጣችው በማንኪያ የተገመተ ሻይ አልነበረም፤ በኪሎ ክብደቷ ተሰፍሮ የተሰጣት የተዘጋጀ ጭማቂ ነበር። ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ለሰው ስንት ግራም? በቀን ስንት ጊዜ? ከየት ተራራ የተለቀመ? በየትኛው ወር? ከሌላ ኪኒን ጋር ሲደራረብስ? የጦስኝ ዘይት ይዘት ከቦታ ቦታና ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ የዛሬው እሽግና የትናንቱ አንድ አይደሉም። ተመራማሪው በጽሑፉ መጨረሻ «ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል» ብሎ የጻፈውን መስመር የድምፅ ቅጂው ቆርጦ ጥሎታል። የቀረው «በጥናት ተረጋግጧል» የሚለው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምርኩዝ «ተፈጥሯዊ ነው፣ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» የሚለው ነው። ይህን ኮሶ ጠጥቶ ላደገ ሕዝብ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ኮሶ ተፈጥሯዊ ነበር። ሁሉም ሰው ግን ይፈራው ነበር፤ ልክ ነበረው፣ ሰዓት ነበረው፣ ለነፍሰ ጡርና ለደካማ አይሰጥም ይባል ነበር። ከልኩ ያለፈ ኮሶ ለዓይን ጭምር አደጋ እንዳለው ሐኪሞች መዝግበዋል። ከቡና ስኒ የማይለየው ጤና አዳም እንኳ አንድ ቅጠል ሲሆን ሽታ ነው፣ ተጨምቆ በብዛት ሲጠጣ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። የጥንቱ አዋቂ መድኃኒቱን የሚፈራ ሰው ነበር፤ «ልኩን አታሳልፍ» ማለት የሙያው መጀመሪያ ነበር። የዛሬው የድምፅ ቅጂ ደግሞ «እንደፈለጋችሁ ጠጡት» ይላል። ከሁለቱ ባህሉን የጣለው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ብዙ ምርምር አይጠይቅም።

ሦስተኛው «የፈረንጅ መድኃኒት ንግድ ነው» የሚለው ነው። ነው። የመድኃኒት ኩባንያ ጽድቅ ሲሠራ ታይቶ አይታወቅም። ግን እሽጉ ላይ ዋጋ የለጠፈው የጦስኝ ሻጭስ ምን እየሠራ ነው? ልዩነቱ አንድ ነው፦ ፋርማሲ የሸጠው ኪኒን ሰው ቢጎዳ የሚጠየቅ አካል፣ የተመዘገበ ቁጥር፣ ያለፈበት ቀን አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብንም መድኃኒትንም በአንድ ባለሥልጣን ሥር ያደረገው ለዚህ ነው። የጦስኝ እሽግ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ሻይ ቅጠል ነኝ ይላል፤ በስልክ ሲሸጥ መድኃኒት ነኝ ይላል። ቀረጥና ቁጥጥር ሲመጣ ምግብ፣ ገዢ ሲመጣ ፈውስ። እንዲህ ዓይነት የሌሊት ወፍ ንግድ ለሻጩ በጣም ይመቻል።

የአገር ዕውቀት ማክበር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ውስጥ በአንድ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ። ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል። ቀንድ አውጣው ደግሞ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው። አክሊሉ በዚያ ቀን አዳራሽ ተከራይቶ «እንዶድ ቢልሃርዚያን አጠፋ» ብሎ ዲስኩር ማሰማት ይችል ነበር። አላደረገውም። ሰፈረ፣ ለካ፣ በቤተ ሙከራ ደገመ፣ በወንዝ ደገመ፣ ለሰውና ለዓሣ የሚያደርሰውን ጉዳት መረመረ፣ ከተጠራጣሪ የውጭ ተቋማት ጋር ለዓመታት ተከራከረ። ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኘው በዚህ መንገድ ሄዶ ነው። ለልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ዕውቀት ከዚህ የበለጠ አክብሮት የሰጠ የለም፤ እውነት መሆኑን እስከ መጨረሻው ድረስ ጠይቆታልና።

የቻይናዋ ቱ ዮዩም እንዲሁ። በጥንት የቻይና የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ለትኩሳት የተጻፈ ቅጠል አነበበች፤ ከዚያ አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት አወጣች፣ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ኢትዮጵያ ውስጥ ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ከዚያው ዘር ነው። የሚገርመው ግን ይህ ነው፦ መድኃኒቱ ከቅጠሉ መውጣቱ ከተረጋገጠ በኋላ እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት የቅጠሉን ሻይ ለወባ እንዳይጠጣ ይመክራል። ምክንያቱም በአንድ ስኒ ሻይ ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም፤ ሲያንስ ደግሞ በሽተኛውን አያድንም፣ ተሕዋሱንም መድኃኒቱን ያላምደዋል። እንግዲህ መድኃኒትነቱ በኖቤል የተመሰከረለት ቅጠል ሻዩ አይበቃም ከተባለ፣ ገና አይጥ ላይ ያለው ጦስኝ በስኒ ግፊት ያጠፋል የሚለው ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ግን ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ነገሩን ማቅለል ይሆናል። ያ የድምፅ ቅጂ ጆሮ የሚያገኘው ሌላ ቦታ ጆሮ የሚሰጥ ስለጠፋ ነው።

እናትየዋ በጠዋት ወረፋ ይዘው፣ ረፋዱ ላይ ገብተው፣ ከሐኪሙ ፊት የሚቆዩት ጥቂት ደቂቃ ነው። «እናት፣ ኪኒኑን እየወሰዱ ነው?» «አዎ ልጄ።» «በሉ ይቀጥሉ።» አለቀ። በደሙ ቅሬታ ስላላቸው ነገር የጠየቃቸው የለም። ብዙ ሰው ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት ኪኒን ሲጀምር ደረቅ ሳል ይይዘዋል። ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ ለሐኪሙ ቢነገር መድኃኒቱ በሌላ ይቀየራል፣ ሳሉም ይጠፋል። ግን አልተነገራቸውም። ሌሊት ሌሊት ሲያስሉ «ይሄ ኪኒን ሳንባዬን ጨረሰው» ይላሉ። ለሳሉ ጦስኝ ይጠጣሉ። ጉሮሯቸው ቀለል ይላል። ከዚያ የድምፅ ቅጂው ይመጣና የሚያስቡትን ሁሉ ያረጋግጥላቸዋል። እዚህ ላይ እናትየዋ ሞኝ አይደሉም። በያዙት መረጃ ትክክለኛ ሒሳብ ሠርተዋል፤ መረጃውን የነፈጋቸው ሌላ ነው።

ሌላው ደግሞ የመድኃኒቱ አለመኖር ነው። ወር እየቆጠሩ ጤና ጣቢያ ሄደው «አለቀ፣ ከውጭ ግዙ» የሚል መልስ የሰሙ፣ የጤና መድን መታወቂያቸውን ይዘው በየፋርማሲው የዞሩ ሰዎች «ኪኒን አታቋርጡ» የሚለው ምክር ምን ያህል ቀላል ሆኖ እንደሚሰማቸው መገመት አያዳግትም። ጦስኝ ግን ሁልጊዜ ገበያ ላይ አለ። ወረቀት አይጠይቅም። ይህን የማያይ የጤና ባለሙያ በየቴሌቪዥኑ ወጥቶ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም» ሲል መስማት ያሳፍራል። ብዙ ሐኪሞች አንድ አጭር ጥያቄ ቢጨምሩ፣ «ከኪኒኑ ሌላ የሚጠጡት ነገር አለ?» ቢሉ፣ ያለቁጣ ቢሉ፣ መልሱን ባገኙ ነበር። በሽተኛው ጦስኝ መጠጣቱን የሚደብቀው ስለሚቆጡት ነው። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ውስጥ ስለ ባህላዊ መድኃኒት የሚመራመር ክፍል አለ፤ የሠራው ሥራ ግን ከዚያ ሠላሳ ሰው ካለበት ግሩፕ ውስጥ አይደርስም። የሚደርሰው የማይታወቀው ሰውዬ ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ተራራው።

ጦስኝ በአብዛኛው አይዘራም፤ ከዱር ይለቀማል። ጫፉን በማጭድ የቆረጠ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ያገኘዋል። የሚቸኩል ግን ይነቅለዋል፤ ሥር ያለው ስለሚከብድና በኬሻ ውስጥ ስለሚሞላ ለሻጩ ይሻላል። ቀድሞ ለሻይና ለሽሮ ብቻ ሲፈለግ የአንድ ቤት የዓመት ፍጆታ ጥቂት እፍኝ ነበር። አሁን «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሃያ አንድ ቀን» ተብሎ ሲታዘዝ አንድ በሽተኛ የአንድ መንደርን ያህል ይበላል። ደጋው ላይ ያለው ሣርና ጦስኝ ደግሞ አፈሩን የያዘው እርሱ ነው፤ ንቡም የሚቀስመው ከአበባው ነው። የመንዝ ሰው ይህን ያውቃል። የጓሳን ሣር ለዓመታት ዘግቶ፣ በጊዜው ከፍቶ፣ ማን መቼ እንደሚያጭድ በሽማግሌ እየወሰነ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ለዘመናት ጠብቆታል፤ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። ለሣር ሕግ ያወጣ ሕዝብ ለጦስኝም ያወጣል። ሕጉ ግን በስልክ የሚታዘዝ የከተማ ገዢን ፍላጎት አያግድም። የአዲስ አበባው ገዢ የሚያየው የተፈጨ ዱቄት ስለሆነ ተቆርጦ ይሁን ተነቅሎ አያውቅም።

ስለ ግፊት ከሆነ ግን ጦስኝ በእርግጥ ሊያግዝ የሚችልበት አንድ ቦታ አለ፤ አሞጋሾቹ ግን አይጠቅሱትም፣ ምክንያቱም አይሸጥም። ቦታው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ደግሞ ጨውን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጨምራል፦ በርበሬው ሲዘጋጅ ገብቷል፣ ሽሮው ሲፈጭ ገብቷል፣ ወጡ ሲወጣ «ጨው አንሶታል» ተብሎ ይደገማል፣ ሚጥሚጣው ደግሞ የራሱን ይዞ ይመጣል። ጨው የቀነሰ ወጥ ጣዕም ያጣል፤ ለዚህ ነው ሰው የማይቀንሰው። ጦስኝ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ በዚያ ባዶ ቦታ ሲገቡ ወጡ ይበላል። ይህ ፈውስ አይደለም፤ ኪኒኑንም አይተካም። ነገር ግን ሐኪሙ «ጨው ቀንሱ» ብሎ የላካቸው እናት ምክሩን በወጥ ቤታቸው እንዲፈጽሙት ያስችላቸዋል። ጦስኝን ለስኳር በሽታ በሦስት ማንኪያ ስኳር አጣፍጦ መጠጣትስ? ይህን አሞጋሾቹ ይመልሱት።

ስለዚህ ጥያቄው ለእሽግ ሻጩ ነው፣ ለቻናል ባለቤቱም ነው። የቻናሉ አስተዳዳሪ የፖለቲካ ስድብ ሲያይ በደቂቃ ያጠፋል፤ «ኪኒናችሁን ተዉ» የሚለውን ግን ለወራት ከላይ ሰክቶ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱም ከሽያጩ ድርሻ አለው። ሻጩ ጦስኙን ይሽጥ፤ ገበሬውም ይጠቀም። ይህን ያህል የሚወደውን ቅጠል በሚሸጥበት ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይጨምር፦ ከየትኛው ወረዳ እንደተለቀመ፤ ተቆርጦ እንጂ ተነቅሎ እንዳልመጣ፤ ከሁለቱ በታች፣ መነጽር ለሌላቸው ሰዎች በሚታይ ትልቅ ፊደል፣ «ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት አያቋርጡ»።